ሰንሰለቱ ባይበጠስም

አንድ ጤነኛ የሚመስል ጎልማሳ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን የድንጋይ አጥር ላይ አሳርፎ፣ ጥርሱን ነክሶ አጥሩን ሲገፋ ብታዩ ምን ትላላችሁ? መቼም «ጡንቻውን እያጎለበተ ነው» የሚል አይገኝም። አጥሩ ንቅንቅ አይልም። ሰውዬውን ላብ ያጠምቀዋል፣ የአንገቱ ደም ሥር ይገታተራል፣ ከዚያ ይተወውና መንገዱን ይቀጥላል። ያየው ሁሉ ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ሥራ ማለት ውጤቱ ለዓይን የሚታይ ነገር ነው፤ የተፈለጠ እንጨት፣ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ከመሬት ተነሥቶ ትከሻ ላይ የወጣ ኩንታል። ፊዚክስ ያስተማሩን ሰዎችም ቢሆኑ ከዚህ አይለዩም። ኃይል በርቀት ሲባዛ ሥራ ይሆናል፤ ርቀቱ ዜሮ ከሆነ ሥራውም ዜሮ ነው ብለውናል።

ጡንቻ ግን ፊዚክስ አልተማረም። የያዘው ነገር ይነቃነቅ አይነቃነቅ ግድ የለውም። እሱ የሚያውቀው ምን ያህል እንደተወጠረና ለምን ያህል ጊዜ እንደተወጠረ ብቻ ነው። ፈረንጆች ይህንን ሳይነቃነቁ ወጥሮ የመያዝ ልምምድ «አይሶሜትሪክ» ይሉታል። ከግሪክ የመጣ ቃል ሆኖ «እኩል ልክ» እንደማለት ነው። ክብደት ስታነሡ ጡንቻው ያጥራል፣ ስታወርዱ ይረዝማል። ግድግዳ ስትገፉ ግን ርዝመቱ ባለበት ይቆማል፤ ይቃጠላል እንጂ አይንቀሳቀስም።

የዚህን ነገር ታሪክ ላወጋችሁ የተነሣሁት ከጡንቻ ጋር ፍቅር ይዞኝ አይደለም። (ያዩኝ ይመሰክራሉ።) ታሪኩ እውነተኛ ነገር በውሸት ሲሸጥ ምን እንደሚደርስበት ስለሚያሳይ ነው። ውሸቱ የተጋለጠ ዕለት ሰዉ ጊዜ ወስዶ ውሸቱን ከእውነቱ አልለየም፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ ጠራርጎ ጣላቸው። ከዚያ ደግሞ ቶሎ ተመልሶ የመጣው ውሸቱ ሆነ። ወደፊት የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልናገር።

ከአሌክሳንደር ዛስ ልጀምር። በ1888 በዛሬዋ የሊትዌኒያ ዋና ከተማ በቪልኒየስ ተወልዶ ሩሲያ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ግዙፍ አልነበረም፤ ልብስ ለብሶ መንገድ ላይ ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ የሩሲያ ወታደር ሆኖ ዘመተና ከኦስትሪያ ጋር ሲዋጋ እግሩን ቆስሎ ተማረከ። የምርኮኛ ነገር መቼም የታወቀ ነው። ምግቡ አይረባም፣ ቦታው ጠባብ ነው፣ ብረት ማንሳት የሚባል ነገር አይታሰብም። ዛስ ለማምለጥ በሞከረ ቁጥር እየተያዘ እጅና እግሩን በሰንሰለት ያስሩታል። እንግዲህ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ ያሰረውን ሰንሰለትና የእስር ቤቱን ፍርግርግ እንደ ስፖርት ዕቃ ይጠቀምባቸው ጀመር። ሰንሰለቱን ባለ በሌለ ጉልበቱ ይጎትታል፤ ሰንሰለቱ አይበጠስም፤ ጥቂት ያርፍና መልሶ ይጎትታል። ሰንሰለቱ ባይበጠስም የጎታቹ ጉልበት የትም አልሄደም፤ እዚያው ክንዱ ውስጥ ቀረ።

በመጨረሻ አመለጠ። ሰርከስ ገባ፤ በ1920ዎቹ እንግሊዝ አገር ደርሶ «ሳምሶን» በሚል ስም ብረት የሚያጥፍ፣ ሰንሰለት የሚበጥስ፣ ፈረስ ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ትርዒተኛ ሆነ። የሰርከስ ሰው ስለራሱ ሲያወራ ትንሽ ቀንሶ መስማት ደግ ነው። ፈረሱን ተሸክሞ የተነሣው ፎቶግራፍ ግን አለ። ይህ ሰው ትልቅ ክንድ የጥንካሬ ማረጋገጫ አይደለም፣ ዋናው ጅማት ነው እያለ ይከራከር ነበር። በፖስታ የሚላክ የሰንሰለት ልምምድም አዘጋጅቶ ሸጧል። እስከምናውቀው ድረስ ይህንን የልምምድ ዓይነት ራሱን የቻለ ትምህርት አድርገው ለገበያ ካቀረቡት ቀዳሚዎች አንዱ እሱ ነው።

በዚያው ዘመን ከአትላንቲክ ማዶ ሌላ ሰው ነበር። አንጄሎ ሲሲሊያኖ ይባላል። ከጣሊያን ካላብሪያ በልጅነቱ ወደ ኒው ዮርክ የሄደ ስደተኛ ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን ቻርልስ አትላስ በሚለው ስሙ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ጉልበተኛ አሸዋ ፊቱ ላይ የረጨበት ኮሳሳ ወጣት፣ አፍሮ ቤቱ ገብቶ ጡንቻ አውጥቶ ተመልሶ ጉልበተኛውን ሲመታ የሚያሳየው የካርቱን ማስታወቂያ የእሱ ነው። አትላስ የሸጠው «ዳይናሚክ ቴንሽን» የሚባል ዘዴ ሲሆን አንዱን ጡንቻ ከሌላው ጋር ማታገል ማለት ነው፤ ቀኝ እጅ ይገፋል፣ ግራ እጅ ይከለክላል። ሐሳቡ የመጣለት በእንስሳት ማቆያ ውስጥ አንበሳ ሲንጠራራ አይቶ መሆኑን ይናገር ነበር። አንበሳ ብረት አያነሳም ነው ነገሩ። ጥርት ያለ አይሶሜትሪክ አይደለም፤ እንቅስቃሴ አለበት። ሆኖም «ብረት አያስፈልጋችሁም፣ ገላችሁ ይበቃችኋል» የሚለውን ሐሳብ በየቤቱ ያስገባው እሱ ነው።

ብረት ሻጮች ታዲያ ይህንን ዝም ብለው አላዩም። በፔንሲልቫኒያ ግዛት ዮርክ በምትባል ከተማ ቦብ ሆፍማን የሚባል ሰው ነበር፤ የክብደት ማንሻ ብረት የሚያመርት፣ መጽሔት የሚያሳትም፣ የአሜሪካን የክብደት ማንሳት ቡድን የሚያሠለጥን። በ1930ዎቹ ይህ ሰው በአትላስ ላይ ዘመቻ ከፈተ። ዘዴው ቅጥፈት ነው፣ ሰውዬው ራሱ ያንን ገላ ያመጣው ብረት አንስቶ ነው እያለ ጻፈበት። ጠቡ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ድረስ ደረሰ። የሆፍማንን ስም ያዙልኝ፤ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ እናገኘዋለን።

ሳይንስ ወደዚህ ነገር የገባው በ1953 ነው። ጀርመን፣ ዶርትሙንድ ከተማ ውስጥ የሰው ልጅ ሥራ ሲሠራ ገላው ምን እንደሚሆን የሚያጠና የማክስ ፕላንክ ተቋም ነበር። ተቋሙ የሚያስጨንቀው የስፖርተኛ ሳይሆን የሠራተኛ ጉልበት ነው። እዚያ የሚሠሩት ቴዎዶር ሄቲንገርና ኤሪክ ሙለር አንድ ጥናት አወጡ። ጡንቻን በቀን አንድ ጊዜ፣ ካለው ኃይል በሁለት ሦስተኛው፣ ለስድስት ሰከንድ ብቻ ወጥሮ መያዝ በቂ ነው፤ ጥንካሬው በሳምንት በአማካይ አምስት በመቶ ይጨምራል አሉ።

ስድስት ሰከንድ! ያውም በቀን አንዴ! እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በሳምንት አምስት በመቶ እየተደራረበ ዓመት ሙሉ ቢሄድ አሥራ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ዛሬ 40 ኪሎ የሚያነሳ ሰው በዓመቱ 500 ኪሎ ሊያነሳ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እስካሁን አልታየም። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ነበሩ። ጀማሪ ደግሞ ምንም ቢሠራ መጀመሪያ አካባቢ ቶሎ ይጠነክራል፤ ውሎ አድሮ ግን እድገቱ ይዘገያል። በኋላ ሌሎች ሲሞክሩት ይህንን ያህል አላገኙም፤ ሙለርም ራሱ ቁጥሩን ወደኋላ ላይ ዝቅ አድርጎታል። ግን ልብ በሉ፣ የተጋነነው መጠኑ ነው። ሳይነቃነቁ ወጥሮ መያዝ ያጠነክራል የሚለው ዋናው ፍሬ ነገር ስህተት አልነበረም።

አሁን ወደ ዮርክ እንመለስ፤ የታሪኩ እምብርት ያለው እዚያ ነው።

ጆን ዚግለር የሚባል ሐኪም ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ ቆስሎ የተረፈ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሚሠራ፣ ራሱም ብረት ማንሳት የሚወድ። በ1954 ቪየና ላይ በተካሄደው የዓለም የክብደት ማንሳት ሻምፒዮና ከአሜሪካ ቡድን ጋር ሄዶ ነበር። ከሶቪየት ቡድን ሐኪም ጋር ሲጫወቱ፣ የሶቪየት አንሺዎች የወንዴ ሆርሞን እንደሚወስዱ ሰማ። ይህንን የተናገረው ራሱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ሲባ የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ «ዲያናቦል» የሚባል ክኒን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አወጣ። የተሠራው ሰውነታቸው ለተጎዳና ለከሱ ሕሙማን ነበር። ዚግለር ለጤነኛ ስፖርተኛስ ምን ያደርግ ይሆን ብሎ አሰበ።

ይኸው ዚግለር ታዲያ የጀርመኖቹን ጥናት አንብቦ ስለ አይሶሜትሪክ ከልቡ ያምን ነበር። ሁለት ቀጥ ያሉ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቋሚ ብረቶች አቁሞ፣ በቀዳዳዎቹ መሐል ወፍራም ዘንግ እየሰካ፣ ስፖርተኛው ያንን ዘንግ ከታች ወደ ላይ እንዲገፋ ወይም እንዲጎትት ያደርጋል። ዘንጉ አይነሣም፤ ተሰክቷል። ጥቂት ሰከንድ መግፋት፣ ማረፍ፣ ዘንጉን ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰክቶ መድገም። የዮርኩ ቢል ማርችና የኒው ኦርሊየንሱ ሉዊስ ሪክ የዚህ ሙከራ ተሳታፊዎች ሆኑ። ሪክ ዕድሜው ከ30 ያለፈ፣ ከዚህ በላይ ብዙም አይሄድም ተብሎ የሚታሰብ አንሺ ነበር። ሁለቱም በጥቂት ወራት ውስጥ ያሳዩት ለውጥ ዓይን የሚያፈጥጥ ሆነ። ቆይተውም ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ፤ ሪክማ በ1964 ቶኪዮ ኦሊምፒክ ድረስ ሄዷል።

በ1961 ማብቂያ ላይ የሆፍማን መጽሔት ምሥጢሩ ይህ ነው ብሎ አወጀ። አዎ፣ ያው ሆፍማን! አትላስን «ያለ ብረት ጡንቻ የለም» ብሎ ሲያብጠለጥል የኖረው ሰው አሁን «በቀን ጥቂት ደቂቃ የማይነሣ ብረት ግፉ» የሚል ሰባኪ ሆነ። ለምን ቢባል፣ የማይነሣውን ብረት የሚያቆመውን ማዕቀፍ የሚሸጠው እሱ ነዋ። ማዕቀፉም፣ የልምምድ መጽሐፉም እንደ ትኩስ እንጀራ ተሻማ። የትምህርት ቤት ቡድኖች ገዙት፣ የእግር ኳስ ቡድኖች ገዙት። ጋዜጣና መጽሔቱ ለቢሮ ሠራተኛ ጠረጴዛውን ከሥር ወደ ላይ እንዲጎትት ይመክረው ጀመር። ጀርመን ውስጥ የተፈለሰፈው ቡልወርከር የሚባለው መጭመቂያም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ የዓለምን መጽሔቶች በማስታወቂያ አጥለቀለቀ። እኛ በቪዲዮ ቤት ወንበር ላይ ተጣብበን ጡጫውን ያደነቅንለት ብሩስ ሊ እንኳ በዚያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ዘንግ ያለው ማዕቀፍ ላይ ይለማመድ ነበር።

መጽሔቱ ስለ ክኒኗ ግን አልተነፈሰም። ማርችና ሪክ ብረቱን የሚገፉት ዚግለር የሚሰጣቸውን ዲያናቦል እየዋጡ መሆኑን አንባቢው አላወቀም። መንደር ውስጥ ያለ ምስኪን ወጣት ብሩን ልኮ፣ ማዕቀፉን ተክሎ፣ ጠዋት ማታ ዘንጉን ይገፋል። ሦስት ወር ሞላው፤ ትንሽ ጠነከረ እንጂ ማርችን አልሆነም። ጥፋቱ የራሱ መሰለው። ይበልጥ ገፋ።

ወሬ መቼም ተደብቆ አይቀርም። ቀስ በቀስ፣ በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ በአንሺዎች ዘንድ ነገሩ ተሰማ። «ለካስ ክኒን ነው!» ተባለ። ከዚህ በኋላ የሆነው ነው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ። አንድ ሰው ቢታለል ማታለያውን ይጥላል ብላችሁ ታስባላችሁ አይደል? አንሺዎቹ የጣሉት ልምምዱን ነው። ክኒኗን ወሰዷት። ዚግለር በትንሽ መጠን ጀምሮ የሚሰጠውን እነሱ በእጥፍ ድርብ እየጨመሩ፣ ከሐኪሙ ተደብቀው ይውጡት ጀመር። ዚግለር ተጸጸተ፤ እስኪሞት ድረስም፣ በ1983 ነው የሞተው፣ ያንን በር በመክፈቱ እንደተጸጸተ ነበር። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ስቴሮይድን የከለከለው በ1975 ሲሆን ምርመራው በ1976 ሞንትሪያል ላይ ተጀመረ። ያን ጊዜ ነገሩ ሥር ሰድዶ ነበር።

ማዕቀፉስ ምን ሆነ? ማዕቀፉ አለ። ዛሬ ደህና የሚባል ጂም ውስጥ ብትገቡ መሐል ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቋሚ ብረቶች ያሉት ነገር። ወጣቶቹ ከባድ ክብደት ትከሻቸው ላይ አድርገው ቁጢጥ ብድግ ይሉበታል። ዘንጎቹ ክብደቱ ቢያመልጣቸው እንዲይዝላቸው ተሰክተዋል። ዕቃውን አገር ያዳረሰው ዘንጉን ይነቅላል ሳይባል የመግፋት ልምምድ መሆኑን የሚያውቅ ከመካከላቸው የለም።

አሌክሳንደር ዛስ በ1962 በእንግሊዝ አገር ሆክሊ በምትባል ቦታ ሞተ። የሆፍማን ገበያ የደራበት ዓመት ነው።

እንግዲህ ውሸቱን አራግፈን ስናበቃ ምን ተረፈ? ብዙ ተርፏል። በ2019 የታተመ አንድ የጥናቶች ቅኝት ነገሩን ሰብሰብ አድርጎ አይቶታል። ጥንካሬ የሚፈልግ ሰው ካለው ኃይል ከ80 እስከ 100 በመቶ በሚሆን ጉልበት፣ በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሰከንድ፣ በድምሩ ከ30 እስከ 90 ሰከንድ በአንድ ልምምድ ወጥሮ ቢይዝ ይጠነክራል። ጡንቻው እንዲገዝፍ የሚፈልግ ደግሞ ጉልበቱን ወደ 70 እና 75 በመቶ ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 30 ሰከንድ እየያዘ፣ በድምሩ ከ80 እስከ 150 ሰከንድና ከዚያ በላይ መቆየት አለበት። ያውም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ለወራት። ስድስት ሰከንድ አይደለም። ግን በእውነት ይሠራል።

ጉድለትም አለው። ክንዳችሁን ዘጠና ዲግሪ አጥፋችሁ ወጥራችሁ ብትይዙ የምትጠነክሩት በዋናነት እዚያው ዘጠና ዲግሪ አካባቢ ነው። ክንዱ ሲዘረጋ ያ ጥንካሬ እየሳሳ ይሄዳል። ምክንያቱ መጀመሪያ ላይ የሚማረው ጡንቻው ብቻ ስላልሆነ ነው፤ ነርቭም ይማራል፣ ነርቭ ደግሞ የተማረውን በተማረበት ቦታ ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ነበር እነ ማርች ዘንጉን ከቀዳዳ ቀዳዳ የሚያዘዋውሩት። ጡንቻው ተለጥጦ ረዝሞ ሳለ ወጥሮ መያዝ ደግሞ አጥሮ ሳለ ከመያዝ ይልቅ ለመግዘፍም ይረዳል፣ ጥንካሬውንም ወደሌላው ማዕዘን ሰፋ አድርጎ ያዳርሰዋል። ቁጢጥ ሊል ወርዶ ወርዶ እዚያው ታች መቆየት፣ ላይ ገና ጉልበት ሳያጥፉ ከመቆየት ይሻላል ማለት ነው። ይከብዳልም።

እኛ አገር ወጥሮ መያዝን የምናውቀው በቅጣት ነው። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ያረፈደ፣ የቤት ሥራ ያልሠራ፣ ሰልፍ ላይ የሳቀ ሁሉ ይንበረከክና እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። የመጀመሪያው ደቂቃ የሳቅ ነው፤ እርስ በርስ እንጣቀሳለን። ሁለተኛው ላይ ዝም እንላለን። ከዚያ በኋላ ክንዳችሁ የእናንተ አይደለም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ትከሻ ላይ እሳት ይነዳል፣ ክርን ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤ አለንጋው ከኋላ «ቀጥ አድርግ!» ይላል። ውስጡ የሚሆነው እንዲህ ነው። የተወጠረ ጡንቻ የራሱን ደም ሥሮች ጨምቆ ይዘጋል። ደም አይገባም፣ የተቃጠለው ቆሻሻ አይወጣም። ልብ ደሙን ለማስገባት ግፊቱን እየጨመረ ይደልቃል። እጅ ሲወርድ ደሙ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይገባል፤ ያንን የሚያቃጥል ሙቀት የቀመሰ ያስታውሰዋል። ቅጣቱንና ልምምዱን የሚለያቸው «አውርድ» የሚለው ማን ነው የሚለው ጉዳይ ነው። ማኅሌት ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩ አባቶች ደግሞ ሌላ ናቸው፤ እነሱን ያቆማቸው ማንም አይደለም።

በሰፈራችን በሲሚንቶ የተሞላ የወተት ጣሳ በብረት ቱቦ ጫፍና ጫፍ ሰክተን የምናነሳበት ዘመን ነበር። አሁን ደህና ዕቃ ያላቸው ጂሞች ተከፍተዋል፤ ደግ ነገር ነው። ከጥቂት ጊዜ በፊት የማውቀው አንድ ወጣት ከኪሱ ክኒን አውጥቶ ስለዚህ ምን ታውቃለህ ብሎ አሳየኝ። «ዲቦል ይሉታል፤ ልጆቹ ሁሉ ይወስዱታል» አለኝ። ዲያናቦል ነው እኮ! ከ1958 ጀምሮ የማውቃት አሮጊት። ስለ ዚግለር፣ ስለ ማርች፣ ስለ ጉበትና ስለ ልብ ነገርኩት፤ ከውጭ የሚገባ ሆርሞን የራስን ሆርሞን ሥራ እንደሚያስፈታና የወንድ ዘር እንደሚያመነምን ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝ። ከዚያ ይልቅ ግድግዳ ግፋ፣ ቁጢጥ ብለህ ቆይ፣ ፎጣ በእግርህ ረግጠህ ወደ ላይ ጎትት፣ ሳንቲም አያስወጣህም አልኩት። በጣም በትሕትና «ጋሼ፣ ግድግዳው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሱ ቢስቅም ልምምዱ በሌላ በር ተመልሷል፤ በጡንቻ ሳይሆን በደም ግፊት በር። በ1992 አሜሪካ ውስጥ ሮናልድ ዋይሊና ባልደረቦቹ የእጅ መጨበጫ መሣሪያን በመጠነኛ ኃይል ለሁለት ለሁለት ደቂቃ ጨብጦ መያዝ፣ ለሳምንታት ሲደጋገም፣ በዕረፍት ጊዜ የሚለካውን የደም ግፊት ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ። ብዙ ሰው አላመነም። እንዴት ይመን? ወጥሮ መያዝ ግፊትን እንደሚጨምር እያንዳንዱ ሐኪም ያውቃል። ይጨምራልም፤ በያዙበት ሰዓት። ሲለቁት ግን ደም ሥሮቹ ይከፈታሉ፤ ይህ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲመላለስ ደም ሥሮቹ መላላትን ይለምዳሉ። በ2023 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ትንታኔ 270 ጥናቶችንና 15,827 ሰዎችን ደምሮ አየ። ሩጫና የመሳሰለው እንቅስቃሴ ላይኛውን የግፊት ቁጥር በአማካይ በአራት ተኩል ያህል ሲቀንስ፣ ወጥሮ መያዝ ከስምንት በላይ ቀነሰው፤ ታችኛውን ደግሞ በአራት። ላይኛውን በመቀነስ ከሁሉ የበለጠው ልምምድ ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ሳይኖር ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ መቆየት ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ጀርባ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ እግር ወደፊት ይወጣል፤ ጉልበት እስኪታጠፍ ተንሸራቶ መውረድ፣ እዚያው ሁለት ደቂቃ መቆየት። ሁለት ደቂቃ ማረፍ። አራት ጊዜ መደጋገም፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ጀማሪ ብዙ አይውረድ፤ ጉልበቱን ከዘጠና ዲግሪ ገና ከፍ ባለ ቦታ ያቁመው፤ ከሳምንት ሳምንት ይውረድ። ትንፋሽ ፈጽሞ አይያዝም፤ ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ግፊቱን ሽቅብ ያስፈነጥረዋል፣ አደጋው ያለው እዚያ ላይ ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ የታዘዘለትን መድኃኒትም በራሱ ፈቃድ አያቁም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጡረተኛ የግፊት ሕመምተኛ ናቸው። ሐኪማቸውን አማክረው ከጀመሩ ስድስት ወር አልፏቸዋል። ማታ ዜና ሲጀመር ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ዝቅ ይላሉ፤ ትንፋሻቸውን እንዳይዙ ባለቤታቸው እያወሯቸው መልስ እንዲሰጡ ያስገድዷቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ሃያ ሰከንድ ላይ ነበር የሚወድቁት። አሁን የአገር ውስጥ ዜናውን አርዕስት ሰምተው ይጨርሳሉ።